የማይጮኸው መጋዝ

የማወራችሁ ስለ አንድ የእንጨት መጋዝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መጋዝ የሚለውን ቃል አይቶ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ግን ምን እንደተለወጠ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ከናዝሬት የሄድኩ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቀጥሬ፣ ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ማስረዳት እወድ ነበር። አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የአየር ማቀዝቀዣ ለምን ውኃ እንደሚያንጠባጥብ ለአስተናጋጇ አስረድቻት አውቃለሁ፤ እሷ ግን አልጠየቀችኝም። መጻሕፍቴ በቁመታቸው፣ ጠመኔዎቼ በቀለማቸው ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ ይነገራል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ያከራዩኝ ጋሽ በላቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። ጋሽ በላቸው አናጺ ነበሩ። ድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የፉርጎ እንጨት ሲጠግኑ አድገው፣ በጎልማሳነታቸው ጅቡቲ ገብተው፣ ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተዋል። ሸሪካቸው ዩሱፍ የጅቡቲ ሶማሌ ነው፤ ግን ድሬዳዋ ከዚራ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ዕድሜው ከጋሽ በላቸው ብዙም አያንስም። ቢሆንም «አንተ» እንድለው ያስገደደኝ ራሱ ነው። «አንቱ ካልሽኝ ማንም ሁለተኛ ሚስት አይሰጠኝም» ይለኝ ነበር።

ወርክሾፑን መጀመሪያ ያየሁት ተማሪዎቼን ለጉብኝት ይዤ ሄጄ ነው። ከሁሉ የማረከኝ አንድ የአሠራር ሥርዓት ነበር። እዚያ ቤት ማንም ሰው ማሽን ብቻውን አያስተካክልም። ጋሽ በላቸው መጋዙ ፊት ይቆማሉ። ዩሱፍ ወይም ሌላ ሠራተኛ ከማዶ ሆኖ በሜትር ይለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። «አርባ ሁለት!» ጋሽ በላቸው «አርባ ሁለት» ብለው ይመልሳሉ፤ እንጨቱ ተደግፎት የሚሄደውን መሪ ብረት ይገፋሉ፤ ጠሪው «እዚያው» ሲል ያጠብቁታል። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ወይም ጠሪው አንድ ያላማረው ነገር ሲያይ «እጅ!» ይላል። ይህ ቃል ሲሰማ መጋዙ አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ የሚከራከር የለም።

ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቅ ሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። «የባቡር ቤት ሥርዓት ነው። ጋሽ በላቸው ያመጡት።» መልሱ አረካኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ አንድ ተማሪ እንዲለካ፣ ሌላው እንዲጠራ አደረግሁ። «እጅ!» የሚለውንም ጨመርኩበት። ተማሪዎቼ ወደዱት፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ በላይ።

አሮጌው መጋዝ በእጅ የተሠራ ነበር። በማዕዘን ብረት እግር ላይ ጣውላ ተደርጎ፣ ከሥሩ ከውኃ ፓምፕ የተፈታ ሞተር ታስሮበታል። ሲነሳ ወርክሾፑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ የሥራ ሰዓት መድረሱን የሚያውቀው በእርሱ ጩኸት ነው። ከወደብ በሚመጣ የዕቃ ሣጥን እንጨት ላይ ለዓመታት ሲሠራ ኖሮ፣ በዚያ ክረምት አንድ ቀን ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ፈነዳ። ስብርባሪው ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጋጨ እንጂ ሰው አልነካም። የትምህርት ቤታችን አዲስ ዴስኮች የታዘዙት ደግሞ እዚያ ነበር፤ ትምህርት ሳይከፈት መድረስ ነበረባቸው።

ጋሽ በላቸው አዲስ መጋዝ ለመግዛት ሲነሱ እኔንም ጠሩኝ። «ፊዚክስ ታውቂያለሽ፤ የተጻፈውንም ታነቢልናለሽ» አሉኝ። የማሽኖቹ መግለጫ በፈረንሳይኛ መሆኑን፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው እንደሚችሉ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ደስ ብሎኝ ሌሊቱን በሙሉ ስለ መጋዝ ሳነብ አደርኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ጠዋት ስንገናኝ ጋሽ በላቸውም ዩሱፍም ከሚፈልጉት በላይ አውቅ ነበር።

ያወቅሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። ጥሩ የጠረጴዛ መጋዝ ማለት በመጀመሪያ ከባድ መጋዝ ማለት ነው። ሞተሩ በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ለዚህም ነው ካቢኔት የሚሉት። ላዩ ቀልጦ ከፈሰሰ ወፍራም ብረት የተሠራ፣ ተልጎ እንደ መስታወት የተስተካከለ ነው። እንጨቱን የሚቆርጠውን ባለ ጥርስ ዲስክ የሚሸከሙት ክንዶች የሚታሰሩት ከሣጥኑ ጋር እንጂ ከላዩ ጠረጴዛ ጋር አይደለም። ሞተሩ ዲስኩን የሚያዞረው በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ነው። ከዲስኩ ጀርባ ደግሞ አንዲት ቀጭን ብረት ትቆማለች። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥና ወደ ሠራተኛው ሆድ እንዳይወረወር የምትከላከለው እሷ ናት። እሷ የሌለችበትን መጋዝ በስጦታም አልቀበልም።

የመጀመሪያው ቀን የሄድነው ትልቁ ገበያ አጠገብ ካለ የአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ነበር። መጋዙ አዲስ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ነጋዴው ሲያስነሳው ጆሯችንን ያዝን። ዩሱፍ ከኪሱ ባለ አምሳ ፍራንክ ሳንቲም አውጥቶ በጠርዙ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ጥሩ መጋዝ እየሠራ ሳንቲም በጠርዙ ቆሞ ይቀራል ይባላል። ይኼኛው ዩሱፍ ጣቱን ሳያነሳ ነበር የወደቀው።

«ሳንቲሙ መርቅኗል» አለ ዩሱፍ።

ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ክንዶቹ ከላይኛው ጠረጴዛ ጋር ነው የታሰሩት። ያቺ ቀጭን ብረት የለችም፤ የምትገባበት ቦታ እንኳን አልተሠራላትም። ይህንን ሁሉ ለነጋዴው በዝርዝር አስረዳሁት። ነጋዴው በዓረብኛ ለዩሱፍ አንድ ነገር አለው፤ ዩሱፍም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ተረጎመልኝ፦ «ይቺ ልጅ ልትገዛ ነው የመጣችው ወይስ ልትፈትነኝ? ይላል።»

ጋሽ በላቸው በዚህ መሀል አንድ መዳፋቸውን በማሽኑ ጎን ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ይኼ ይሻለናል» አሉ። «ድምፁን ወደድኩት።»

ድምፅና ንዝረት ማለት የባከነ ጉልበት መሆኑን፣ መጋዝ የሚጮኸውም አንድ ነገር ስላልተስተካከለ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ግን አልተቀበሉኝም።

«ቲቸር፣ መጋዝ መጮህ አለበት። ውሻ የማይጮኽበት ግቢና መጋዝ የማይጮኽበት ወርክሾፕ አንድ ናቸው፤ ምን እንደገባ አታውቂም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ዩሱፍ ለዚህ አባባል ሦስት መልስ ነበረው። ያን ዕለት ግን ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ። እኔ ሌላ አንድ መጋዝ ሳናይ እንዳንወስን ለመንኩ። ጋሽ በላቸው ተቆጡ፤ ገዢው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ዩሱፍ ራስ ዲካ በኩል ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ የውጭ አገር ሥራ ተቋራጭ ዕቃ እንደሚሸጥ ነገራቸውና ለማግስቱ ተስማሙ።

ማታ እራት ላይ እትዬ ዘውዴ ጋሽ በላቸው የትኛውን መጋዝ እንደወደዱ ጠየቁኝ። የሚጮኸውን አልኳቸው።

«ድምፁን ነው የወደደው?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ። ያልገባኝም እሱ ነው።»

ተነሱና፣ ጋሽ በላቸው እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ሳህናቸውን አምጥተው ፊታቸው አኖሩ። «ዓሣው በቀኝህ ነው፣ ሎሚው ከላይ» አሏቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ይሏቸው ነበር። ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ የሚንከባከብ ሰው ማግኘት መታደል ነው እያልኩ አስብ ነበር።

በማግስቱ ወደ ራስ ዲካ የሄድነው ረፋዱ ላይ ነው። ዕቃው ያለበት መጋዘን ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ በሩ በጨው ተበልቶ ሲከፈት ያቃስታል። ዘበኛው ሽማግሌ አፋር ነበሩ። ዋናውን መብራት አብርተው እንደ ልባችን እንድናይ ነገሩንና በሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከጎረቤት ግቢ የአንድ ትልቅ ጄኔሬተር ድምፅ ይመጣል።

መጋዙ መጋዘኑ መሀል፣ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሸራውን ስገልጠው ልቤ ምን እንዳለ አልደብቃችሁም። ያነበብኩት ነገር ሁሉ እዚያ ነበር። ወፍራሙ ብረት፣ የተዘጋው ሣጥን፣ ሦስቱ ቺንጋዎች፣ ከሣጥኑ ጋር የታሰሩት ክንዶች። ቀጭኗ ብረት ከዲስኩ ጋር አብራ የምትወጣና የምትወርድ ነበረች። የዲስኩ የላይኛው መሸፈኛ ብቻ ተፈትቶ ጎኑ ተቀምጧል። ቀለሙ ግን ደብዝዟል፤ ዩሱፍም «አያቴን ይመስላል» ብሎ በፍቅር መታ መታ አደረገው።

ልንሞክረው ስንል እኩለ ቀን ደረሰ። ጅቡቲን ለማያውቅ ላስረዳ። እኩለ ቀን አካባቢ ጫት ከእኛ አገር ይገባል። በዚያ ሰዓት ከተማው የያዘውን ሥራ ያስቀምጣል፤ ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ጸሐፊውም ወደ ጫት ሻጮቹ ይሄዳል። ዩሱፍ ጫት የጫኑትን መኪናዎች ጥሩንባ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«አሁን እመጣለሁ» አለ። «ሳልመጣ ምንም እንዳትነኩ።»

ይህን ሲል ያየው ወደ እኔ ነበር። ዘበኛውም ተነሱና እርሳቸውም እንደሚሄዱ፣ ከዚያ በኋላ መጋዘኑ እንደሚዘጋ፣ የምንሞክር ከሆነ አሁኑኑ እንድንጨርስ ነገሩን። ጋሽ በላቸው ዩሱፍን መጠበቅ ፈለጉ። እኔ ግን መፍትሔ ነበረኝ።

«እኔ እጠራለሁ» አልኳቸው። «ሥርዓቱን አውቀዋለሁ እኮ፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬዋለሁ።»

ትንሽ አቅማሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ያን ጠፍጣፋ የአናጺ እርሳሳቸውን አወጡና በጣቶቻቸው መሀል ያዙት። «ጥሪ» አሉኝ።

ከማዶ ቆሜ ለካሁ። «ሠላሳ!» አልኩ። «ሠላሳ» ብለው መለሱ፤ መሪውን ብረት ገፉት። ምንም ሳይንገራገጭ እንደ ውኃ ሄደ። «እዚያው» አልኩ፤ አጠበቁት። መዘውሩን አዙረው ዲስኩን አወጡ። «እጅ!» አልኩ፤ ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። ደስ ብሎኝ ነበር። አዝራሩን ተጫኑት።

መጋዙ ተነሳ። ተነሳ ስል፣ አንድ ትልቅ ሰው እንደተነፈሰ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ከጄኔሬተሩ ድምፅ ጋር ተቀላቀለና ጠፋ። የራሴን ሳንቲም በጠርዙ አቆምኩት። ቆመ። ጋሽ በላቸው አንድ ጠንካራ ጣውላ በመግፊያ እንጨት ገፉበት፤ ጣውላው ሁለት ሆኖ ወጣ። የተቆረጠውን ፊት በጣቴ ዳሰስኩት፤ መላጊያ የማያስፈልገው ነበር። ሳንቲሙ አሁንም እንደቆመ ነው።

«ድምፅ የለውም» አሉ ጋሽ በላቸው። ግንባራቸው ተኮሳትሯል። «የሚሠራ አይመስልም።»

«ጥራቱ እኮ እሱ ነው» አልኩ።

«እንጃ» አሉና ቀዩን አዝራር ተጫኑት። ያቺ ትንፋሽ የመሰለች ድምፅ ቆመች።

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ይህን ክፍል ስጽፈው እንኳን ይገርመኛል፤ የማስረዳው ሊደርስ ስላለው አደጋ ራሱ ነበርና። ከባድ ነገር አንዴ ከተሽከረከረ በቀላሉ እንደማይቆም፣ የአሮጌው መጋዛቸው ዲስክ ቶሎ የሚቆመው ኩሽኔታው ስለሚይዘው እንደሆነ፣ ጥሩ መጋዝ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያለ ድምፅ እንደሚዞር ልነግራቸው ነበር። «ከባድ ነገር» ካለችው ቃል አላለፍኩም።

ጋሽ በላቸው ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩ። ጣቶቻቸውን ዘረጉ፤ እርሳሱ በጣቶቻቸው መሀል ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። እንደ ልማዳቸው የብረቱን ልክነት በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ መሀል ሄዱ። ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲያደርጉት አይቻለሁ። የሚያምር ነገር ነበር፤ የድመት ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው በቀስታ።

ዲስኩ እየዞረ ነው። ጥርሶቹ አይለዩም፤ አየር ላይ የተሳለ ግራጫ ክብ ነው የሚመስለው። ግን ይታያል። የቆመ ዲስክ ጥርስ አለው፣ የሚዞር የለውም፤ ማንም ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። ስለዚህ ይቆማሉ አልኩ በልቤ። እጃቸው ቀጠለ። የሚያውቁት ነገር አለ አልኩ። እጃቸው ቀጠለ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የሚያዩት ዲስኩን አልነበረም፤ እጃቸውንም አልነበረም። ከእኔ ትከሻ በላይ ወዳለው የበሩ ብርሃን ነበር ፊታቸው የዞረው፤ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

«እጅ!»

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ስማቸውን ብጠራ ኖሮ «አቤት» ይሉ ነበር፤ «ተጠንቀቁ» ብል ምኑን ብለው ይጠይቁ ነበር፤ እጃቸው ግን ይቀጥል ነበር። «እጅ!» ለሚለው ቃል ጥያቄ የለም። እጃቸው ተነሳ። ሲነሳ እርሳሱ ዲስኩን ነካው፤ ጢቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማችና ስባሪው በርሮ የመጋዘኑን ቆርቆሮ መታ።

ሁለታችንም እጃችንን ወደ ላይ አንስተን ቆመን ቀረን። ዲስኩ ቀስ እያለ ጥርሶቹ መለየት ጀመሩ፤ ከዚያ ቆመ። ጋሽ በላቸው እጃቸውን አወረዱና በእርሳሱ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። ጫፉ የነበረበት ቦታ ላይ ባዶውን ዳሰሱ።

«ቆሞ አልነበረም?»

«አልቆመም ነበር።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

አንድ የዕቃ ሣጥን ፈልገው በእጃቸው ዳሰሱና ተቀመጡ። «እኔ አላየሁትም» አሉ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም። አሁን የሚያስረዱት እርሳቸው ሆኑ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ፣ የባሕር ጨው እንደበላው መስኮት ነው፤ ብርሃን ያስገባል እንጂ ከወዲያ ያለውን አያሳይም። ቁጥር የመጥራቱን ሥርዓት ያመጡት ሁለቱም መደብዘዝ ሲጀምሩ ነው። ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም።

«ሐኪም ጋ አልሄዱም?»

«ሐኪም ጋ ከሄድኩ ይታወቃላ። ዓይኑ የጠፋ አናጺ ምን ይደረጋል፣ ቲቸር? አይባረርም። ማን ያባርረዋል? በሩ ላይ ወንበር ያወጡለታል። ሰው ሲያልፍ ደህና ዋሉ ይለዋል፣ እሱም ደህና ዋሉ ይላል። እንዲህ እያለ ይሞታል።»

ስለ ትናንቱ መጋዝ ጠየቅኳቸው።

«ያኛው ይነግረኛል» አሉ። «ሲነሳ ይነግረኛል፣ ሲቆም ይነግረኛል፣ እንጨት ሲይዝ ይነግረኛል። ይኼ ምንም አይነግረኝም። ያንን እንግዛ። አንቺም ይኼኛው ችግር አለበት ትያለሽ፤ አንቺ ካልሽው ያምናሉ።»

ከማንም ያልሰማሁት ዓይነት ልመና ነበር። እሺ ብል ለእርሳቸው ወንበሩ በር ላይ አይወጣም። ግን ያ የሚጮኸው መጋዝ ያቺ ቀጭን ብረት የለውም። ፊቱ የሚቆሙት ደግሞ እርሳቸው ብቻ አይደሉም።

«ያንን የገዛን እንደሆነ ለእርስዎ ይነግርዎታል» አልኳቸው። «እንጨት መልሶ የወረወረ ዕለት ግን ማንን እንደሚመታ አይነግረንም። ጋሽ በላቸው፣ እኔ ይኼኛው መጥፎ ነው ማለት አልችልም። ስለ ዓይንዎ ግን የምናገረው ነገር የለም፤ እሱ የእርስዎ ነው።»

የቀረውን እርሳስ በጣታቸው ሲያገላብጡ ዩሱፍ ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ገባ። መጋዙን አየ፤ እርሳሱን አየ፤ እኔን አየኝ። ጨርቁን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሳልመጣ አትንኩ አላልኩም?»

«ይኼን እንገዛለን» አሉት ጋሽ በላቸው።

«ትናንት ያን ጯሂ ወድጄዋለሁ አላልክም?»

«ያን የወደድኩት ለራሴ ነበር። በዚህኛው እኔ አልሠራም። ዩሱፍ፣ ዓይኔ ሄዷል።»

ዩሱፍ ከጨርቁ አንድ ቀንበጥ መዘዘና ቅጠሉን በጣቱ መጥረግ ጀመረ። ወደ አፉ ግን አልወሰደውም።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ቁጥር የምጮኽልህ ደንቆሮ ስለሆንክ መስሎህ ነው?»

ጋሽ በላቸው ቀና አሉ። «ታውቅ ነበር?»

«አባቴ የት ነበር የሠራው? እዚያው ባቡር ቤት። አንድም ቀን ቁጥር ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም። ወላሂ፣ የባቡር ቤት ሥርዓት ነው ብለህ መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ሌሎቹስ?»

«ስለ ሌሎቹ አላውቅም። ማንም ለማንም አልነገረም። አንተ ሥርዓት ነው አልክ፣ እኛም ሥርዓት ነው አልን። ምን እንበልህ?»

«ዓይንህን ታከም አይባልም?» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ወረደ። «አይባልም ለካ» አሉ ለራሳቸው።

መጋዙን የገዛነው በዚያው ሳምንት ነው። ሲገባ ለመሸከም ሰፈሩ ተጠርቶ ነበር። ጋሽ በላቸው ሠራተኞቹን ሰብስበው ራሳቸው ነገሯቸው። እያንዳንዱ ሰው ወለሉን አየ። ኋላ እንደተረዳነው አንዱም ሳያውቅ የቀረ አልነበረም፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እትዬ ዘውዴ ግን ሲሰሙ አልደነገጡም። «ዓሣው በቀኝህ ነው እያልኩ እስከ መቼ እንደምኖር ሳስብ ነበር» አሉ፤ ሻንጣ አወጡ፤ ይዘዋቸው ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ሐኪሙ ግራው እንዳለፈ፣ ቀኙ ግን የሞራ ግርዶሽ እንደሆነና በቀዶ ሕክምና ሊነሳ እንደሚችል ነገራቸው። ተነሳላቸው። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የሰው ፊት ይለያሉ፣ ደቃቅ መስመር አይለዩም። ዴስኮቹ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ደረሱ። ተማሪዎቼ ለጥቂት ቀናት መሬት ላይ ተቀምጠው ተማሩ፤ ማንም አልሞተም።

አንባቢዎቼ፣ ለእኔ የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ የምሠራው በእሱ ነው። ትምህርት ሲከፈት ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አሰብኩ፤ ግን ሰሌዳው የማይታየው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የማይታየው ሰው እጁን እንደማያወጣ አሁን አውቃለሁ። ይልቁንስ ሥርዓቶቻቸውን ማየት ጀመርኩ። ጓደኛዋ ጮክ ብላ እንድታነብላት የምትጠይቅ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። «ሳዳምጥ ነው የሚገባኝ» ትል ነበር፤ እኔም ለሌሎቹ አርአያ አድርጌ አሞግሳት ነበር። ወንበሯን ወደ ፊት አመጣሁትና በሌላ ቀን ለብቻዋ ከሰሌዳው ላይ ቁጥር እንድታነብ ጠየቅኳት። አልቻለችም። ዛሬ መነጽር አላት።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል። ሁሉም የሚያደርገው፣ ምክንያቱ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር የማያልፍ ልማድ። ዝም ብላችሁ አታፍርሱት፤ አንድ ሰው ተደግፎት ቆሞ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔም ቶሎ አታድንቁት። ማን ተደግፎት እንደቆመ እዩ፣ ከዚያም ለዚያ ሰው የሚናገርበትን ቦታ ስጡት። ይሉኝታችን ጋሽ በላቸውን ከወንበሩ ለዓመታት አድኗቸዋል። ግራ ዓይናቸው የጠፋውም በዚያው ይሉኝታ ውስጥ ነው።

በቅርቡ ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ ዋራበሌ ጎራ ብዬ ነበር። መጋዙ እዚያው ነው፤ አሁንም አይጮኽም። ጋሽ በላቸው አጠገቡ ቆመው እንጨት በመዳፋቸው ይመርጣሉ፤ በር ላይ የወጣ ወንበር የለም። ቁጥሩም አሁንም ይጠራል። ከሐረር የመጣ አንድ አዲስ ሠራተኛ ጥቂት አይቶ፣ ለምን እንደሚጮሁ ጠየቀ። ዩሱፍ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ በላቸው ቀደሙት።

«እኔ በደንብ ስለማላይ ነው» አሉ። «አንተስ ታያለህ?»

«አዎ» አለ ሰውዬው።

ሜትሩን አቀበሉት። «እንግዲያው አንተ ጥራ።»